በዓል ሲደርስ ውሻና ድመትን መጠበቅ፦ በሐዋሳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የበዓል ሰሞን ለቤት እንስሳ ከሌላው ጊዜ በምን ይለያል?

ሐዋሳ በዓል የማያጣት ከተማ ናት። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ዒድ አል ፈጥርና አረፋ አሉ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከየአቅጣጫው ምእመናንን ወደ ከተማዋ ያጎርፋል። በእነዚህ ቀናት ማጀቱ በምግብ ይሞላል፣ የግቢው በር ከጠዋት እስከ ማታ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል፣ ጩኸቱም ይበዛል። ውሻውና ድመቷ ግን ቀኑ በዓል መሆኑን የሚነግራቸው የለም።

ብዙ ሰው የሚፈራው ርችቱን ነው። እኔ ከርችቱ ይልቅ የምሰጋው «ለእሱም በዓል ነው» ተብሎ በፍቅር የሚቀርበውን ትራፊ ነው። ስለዚህ ከታች ስለ ምግብ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

የዶሮ ወጥ ትራፊ በእንጀራ ፈትፍቼ እሰጠዋለሁ፤ እስካሁን ምንም ሆኖ አያውቅም። ምን ችግር አለው?

በርበሬው ሆዱን እንደሚያቃጥለው ሁሉም ይገምታል። ዋናው ጠላት ግን ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት በውሻና በድመት ሰውነት ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። መቁላላትም ሆነ መቀቀል ይህን ጉዳት አያስቀረውም። ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርቱ ሟሙቶ የሚጠፋበት ምግብ በመሆኑ ቁራጩን ለቅሞ ማውጣት አይቻልም፤ መረቁ ራሱ ሽንኩርት ነው። በርበሬውም ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል።

ለድመት በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቷ 5 ግራም ያህል ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ ይበቃል። 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመት 15 ግራም ማለት ነው፤ ይህ በጥቂት ማንኪያ ቁሌት ውስጥ ይገኛል። ውሻ ትንሽ ይሻላል፤ ለእሱ የሚጠቀሰው መጠን በኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ነው። ሆኖም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየበላ ሲጠራቀምም ይጎዳዋል። የአንድ ሳምንት የበዓል ትራፊ እንዲህ ነው።

«ምንም ሆኖ አያውቅም» የሚባለው ምልክቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። ከተበላ ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሻው ይደክማል፣ ምግብ ይጠላል፣ ድዱ ይነጣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ሽንቱ ወደ ቀይ ወይም ወደ ቡናማ ይለወጣል። በዚያን ጊዜ በዓሉ አልፏል፤ ድካሙን ከወጡ ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም።

መስጠት ከፈለጋችሁ መላው ቀላል ነው። ዶሮው ሲገነጠል ቆዳና አጥንት የሌለው ሥጋ ለብቻ አስቀሩ፤ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅሉት። ለወጡ ከተቀቀሉት እንቁላሎች አንዱን ወጥ ውስጥ ሳይገባ ልጣችሁ ስጡት። ለውሻ ይህ ትልቅ ድግስ ነው።

በጾም ወራት ከእኛ ጋር ሽሮና እንጀራ ሲበላ የከረመ ውሻ በፋሲካ ሥጋ ቢጠግብስ?

በጥንቃቄ ካልሆነ ይታመማል። 55 ቀን ቅባት ያልቀመሰ ሆድ በአንድ ጠዋት ጮማና ቅቤ ሲወርድበት ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል። ከዚያ የከፋው ቅባቱ ቆሽቱን ሲያስቆጣው ነው። እንዲህ የሆነ ውሻ ሆዱን ሲነኩት ይቆጣል፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ወገቡን ከፍ አድርጎ ይቆማል፣ ደጋግሞ ያስታውካል። ይህ ሐኪም የሚያስፈልገው ሕመም ነው። ሥጋውን ከዋዜማው ጀምሮ በትንሽ በትንሹ አለማምዱት፤ ጮማውን ከነጭራሹ ተዉት። በጨምበላላ የሚቀርበው ቡሪሳሜም ከእንሰት በቅቤና በወተት ስለሚሠራ በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባል።

አጥንትስ? ውሻ አጥንት ካልበላ ምን ይብላ?

የበሰለ አጥንት አትስጡ፤ በተለይ የዶሮ። አጥንት ሲበስል ይደርቅና እንደ ስንጥር እየሾለ ይሰበራል። ጉሮሮ ላይ ይሰካል ወይም አንጀት ይበሳል። በበዓል ማግስት የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ክዳን አጥብቆ መዝጋት ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ውሻችሁ እናንተ ያልሰጣችሁትን አጥንት ማታ ገልብጦ ያገኘዋልና።

በግ ስናርድ ሳንባውንና የማንፈልገውን ጉበት ለውሻው እንጥልለታለን። ጥሬ ስለሆነ ይሻላል አይደል?

አይሻልም። ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ፤ ጉዳዩ ውሻውን ብቻ ሳይሆን ልጆቻችሁንም ይመለከታል።

በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠሩ ነጣ ያሉ ከረጢቶች ይታያሉ። በአገራችን ቄራዎች በተደረጉ ምርመራዎች በተደጋጋሚ የሚገኝ ነገር ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የአንድ ጥገኛ ትል እጭ ነው። ውሻው ያን ሳንባ በጥሬው ሲበላ እጮቹ አንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ። ትሎቹ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሱ ናቸው፤ ውሻው ላይ ሕመም አይታይም፤ ወፍሮና ጠግቦ ይጫወታል። ከስድስትና ከሰባት ሳምንት ያህል በኋላ ግን እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። እንቁላሉ በፀጉሩ፣ በግቢው አፈር፣ በጓሮ ጎመንና ሰላጣ ላይ ይቀራል። ልጅ ውሻውን አሻሽቶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉ ወደ ሆዱ ይገባል። ከዚያ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። በዚያን ጊዜ ነገሩን ከበዓሉ በግ ጋር የሚያገናኘው የለም።

የበግ ጭንቅላትም የራሱ ጉዳይ አለው። አዙሪት የሚባለው፣ በጉ በአንድ በኩል እየዞረ የሚወድቅበት በሽታ፣ በአንጎል ውስጥ በሚያድግ የሌላ ትል እጭ የሚመጣ ነው። ያን አንጎል ውሻ በጥሬው ከበላ ትሉን ተሸክሞ የሰፈሩን በጎች ግጦሽ ይበክላል።

በቄራ ሲታረድ ሥጋውን የሚያይ ባለሙያ አለ። በግቢ ሲታረድ ወይም ለቅርጫ በሬ ሲጣል ግን ተመልካቾቹ እኛው ነን። ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት አትጣሉ፤ በቢላዋም አትውጉት። ወይ አቃጥሉት፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ ሊያወጣው በማይችልበት ጥልቀት ቅበሩት። ከረጢት ያላያችሁበትንም ቢሆን ለውሻ የምትሰጡት ቢያንስ 30 ደቂቃ ፈልቶ ይሁን፤ ውስጥ ለውስጥ የተደበቀው ለዓይን አይታይምና። አጥር ጥግ ወይም ቦይ ውስጥ መጣል መፍትሔ አይሆንም። በሐዋሳ የተጣለ ሥጋ ደቂቃ አይቆይም፤ የሰፈር ውሾች፣ አሞራዎችና አባ ኮዳዎች ተሻምተው ወደ ሌላው ግቢ ያደርሱታል።

ጥሬ ሥጋና ሆድቃ ለድመትም አይሰጥ። ድመት ከጥሬ ሥጋ የምታገኘው ሌላ ጥገኛ ተሕዋስ ነፍሰ ጡር ሴት ላለችበት ቤት አደገኛ ነው።

ታዲያ የትል መድኃኒት መቼ ይሰጠው?

ለእነዚህ ዝርግ ትሎች የሚሠራው ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ነው። በየገበያው የሚሸጠው ሌላ የትል ክኒን ሁሉ አይነካቸውም፤ ስለዚህ ስትገዙ ስሙን ጠይቁ። መጠኑ በክብደት ስለሚለካ ውሻውን አስመዝኑ። ጥሬ ሆድቃ እንደበላ ካወቃችሁ ስድስተኛው ሳምንት ሳያልፍ ይወስድ፤ እንቁላሉ መውጣት ከመጀመሩ በፊት መሆኑ ነው። መድኃኒቱ በሚሰጥበት ሰሞን ዓይነ ምድሩን ሰብስቦ መቅበር ያስፈልጋል፤ ትሉ ቢሞትም እንቁላሉ አይሞትም።

ከማጀት ሌላ ምን እንደብቅ?

የድፎ ዳቦ ሊጥ። ሊጡ ሞቃት ሆድ ውስጥ ኩፍ ማለቱን ይቀጥላል፤ ጨጓራውን ይወጥራል፣ እየቦካም አልኮል ያመነጫል። ውሻው ሆዱ ተነፍቶ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ለውሻ መስጠት በአንዳንድ ግቢ እንደ ጨዋታ ይታያል፤ ውሻ ሊሞት ይችላልና እንዲህ ያለውን ጨዋታ አስቁሙ፤ የጠላ አተላም ደጃፍ ላይ አይደፋ። ዘቢብ፣ ዘቢብ ያለበት ኬክም ጭምር፣ የውሻን ኩላሊት ይጎዳል። ቸኮሌት፣ በተለይ ጥቁሩ፣ ልቡን ያስደነግጠዋል። የቡና አተላም እንዲሁ ነው፤ ከጀበናው ሥር የሚደፋው ዝቃጭ ከረከቦቱ አጠገብ በተቀመጠ ዕቃ ክፍቱን አይደር።

ቄጤማውን ድመቷ ብትቀጨው አትደንግጡ። ትንሽ ታስታውክ ይሆናል እንጂ ጉዳት የለውም። ከሰሉ ግን ይታሰብበት፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጨስ ከሰል ለሰውም ለእንስሳም መርዝ ነው። በጎጆ ያለ ወፍ ካላችሁ ዕጣኑ ከሚጨስበት ክፍል አውጡት፤ የወፍ ሳንባ ጭስን አይችልም።

ድመቴ የዶሮው እግር የታሰረበትን ገመድ ዋጠች። በራሱ ይወጣል?

አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋር ይዛችኋት ሂዱ። የዶሮና የሥጋ ሽታ ያለው ሲባጎ ድመትን ይስባታል። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም ጨጓራዋ ላይ ሲያዝ ሌላው አንጀቷን እየሸበሸበ ይሰበስበዋል፤ መጨረሻው አንጀቱ እስኪቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ከአፏ ወይም ከኋላዋ የተንጠለጠለ ክር ብታዩ በፍጹም አትሳቡ። የገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው የሚያብረቀርቅ ክርም ከዚህ አይለይም።

የሐይቅ ዓሣ እንሰጣለን፤ አደጋ አለው?

ቆሮሶም ሆነ አምባዛ፣ ተቀቅሎ እሾሁ ከተለቀመ ጥሩ ምግብ ነው። በዘይት ተጠብሶ፣ ጨውና ዳጣ ተነስንሶበት ከሆነ አትስጡ። የዓሣ ጭንቅላትም ውስጡ መንጠቆ አለመቅረቱ ይታይ።

በበዓል ቀን ውሻዬን ወደ ፍቅር ሐይቅ ይዤው ብወጣስ?

ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ በገመድ ተይዞ ይሁን። ከሰዓት በኋላ የሕዝቡ ብዛት ያስጨንቀዋል፤ ከዳር የተጣለው የዓሣ ትራፊና የተበጠሰ የመንጠቆ ክር ደግሞ ፈተና ነው። ጦጣዎቹን እንዲያሳድድ አትፍቀዱለት። ጦጣ ስትከበብ በኃይል ትነክሳለች።

ርችትና ጅራፍ ሲጮህ ውሻዬ ይንቀጠቀጣል። ባባብለው ፍርሃቱን አላብስበትም?

አታብሱበትም። ፍርሃት በማባበል አይጠነክርም፤ አጠገቡ መቀመጥ፣ በረጋ ድምፅ ማናገር ይረዳዋል። መቆጣትና መጎተት ነው የሚያባብሰው።

በቡሄ ዋዜማ፣ መስከረም 16 በደመራ ማታ፣ በገናና በአዲስ ዓመት ዋዜማ ጩኸቱ የሚጀምርበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አብሉት፣ አንሸራሽሩት፣ ከዚያ ከመንገዱ ራቅ ወዳለው ክፍል አስገቡት። መጋረጃውን ዝጉ፣ ሬዲዮ በመጠኑ ክፈቱ፣ የሚተኛበትን ጨርቅ አንጥፉለት። አልጋ ሥር ከገባ ይግባ፤ ጎትታችሁ አታውጡት። ድመትም ካርቶን ወይም ቁም ሳጥን ከተገኘላት እዚያው ትቆያለች።

በሰንሰለት ታስሮ ከውጭ ማደሩ ግን ልብ የሚሰብር ነገር ያመጣል። የደነገጠ ውሻ አጥር ይዘላል፤ ሰንሰለቱ ካጠረ ከአጥሩ ማዶ ተንጠልጥሎ ይታነቃል። በእነዚያ ጥቂት ሌሊቶች የግቢ ጠባቂነቱ ይቅርና ወደ ውስጥ ይግባ። ደመራና ችቦ በሚለኮስበት አካባቢም አይገኝ።

የሚያረጋጋ ክኒን ከቤት ብሰጠውስ?

የሰው መድኃኒት አትስጡ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ ለእሷ «ትንሽ ብቻ» የሚባል መጠን የለውም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ፍርሃቱ የሚጸናበት ውሻ ካላችሁ ከበዓሉ በፊት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ለእሱ የሚሆን መድኃኒት አለ።

በገብርኤል ንግሥ ሰሞን ውሾች ይጠፋሉ። ምን እናድርግ?

በንግሡ ሰሞን ከሩቅ የመጡ ዘመዶች በየቤቱ ያድራሉ፤ እንግዳው በሩን ገርበብ አድርጎ ይወጣል፣ ውሻው ይከተላል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ፣ ባጃጁ፣ የድምፅ ማጉያው ያደናግረዋል። ታኅሣሥ 19 ባለፈ በአሥረኛው ቀን ገና ነውና ጥበቃው በዚያ ወር አይላላ። አንገት ማሰሪያው ላይ ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ ቀለም ጻፉ። ፎቶውን በስልካችሁ ያዙ፤ ከጎን የተነሳ፣ ልዩ ምልክቱ የሚታይበት ይሁን። ለእንግዶች ገና ሲገቡ «እማማ፣ በሩን ይዝጉልን፤ ውሻው ይወጣል» ማለት ነውር የለውም።

ከጠፋ በመጀመሪያ በቅርብ ያሉ ቦዮችን፣ የተጀመሩ ሕንፃዎችንና የልኳንዳ ቤቶችን አካባቢ ፈልጉ። የፈራ ውሻ ሲጠሩት ላይመጣ ይችላል፤ ተቀምጣችሁ፣ ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ ምግብ አሳዩት።

እንግዳ ሆኖ የመጣ ልጅ በውሻችን ቢነከስስ?

ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠል ወይም አመድ ቁስሉ ላይ አይደረግ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ከዚያ በፊት የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። ውሻውን በንዴት አትግደሉት፤ ለይታችሁ ለ10 ቀን ጠብቁት፤ ጤናው በእነዚያ ቀናት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። የልጁ ሕክምና ግን ያን ውጤት አይጠብቅም።

ውሻው ክትባቱን ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ መውሰድና በየዓመቱ ማደስ አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ከሆነ ከበዓሉ አንድ ወር ቀድማችሁ አስከትቡት፤ የመከላከል አቅሙ በአንድ ሌሊት አይገነባም። ደግሞም ልጆች ሲበሉ ውሻው በመካከላቸው አይዙር። አብዛኛው የበዓል ንክሻ አጥንት ከአፉ ሊወስዱ ሲሞክሩ ወይም ተኝቶ ሳለ ሲጋልቡት የሚደርስ ነው።

ለበዓል አገር ቤት እንሄዳለን። ውሃና ምግብ በብዛት አስቀምጠን ብንሄድ?

ድመት አንድ ቀን ትችል ይሆናል። ውሻ አይችልም፤ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ይጨርሳል ወይም ውሃውን ይደፋል። በቀን ሁለት ጊዜ ገብቶ የሚያይ ጎረቤት ለምኑ፤ የሐኪሙን ስልክና ጥቂት ገንዘብም ተዉለት። ይዛችሁት ከሄዳችሁ በመንገድ ላይ ለምሳ ስትቆሙ መኪና ውስጥ ዘግታችሁት አትውረዱ። መስኮቱ ትንሽ ቢከፈትም የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ መኪናውን በደቂቃዎች ያግለዋል።

መርዝ ወይም መጥፎ ነገር በልቷል ብለን ከጠረጠርን ወተት እናጠጣው?

ወተት መርዝ አያከሽፍም። እንዲያውም አንዳንዱን መርዝ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያግዘዋል። የጨው ውሃና ዘይት በግድ መጋትም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የበላውን ነገር ትራፊ ወይም መጠቅለያ ይዛችሁ፣ የበላበትን ሰዓት አስታውሳችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

በበዓል ዕለት ክሊኒኮች ሊዘጉ ይችላሉ፤ ከዋዜማው በፊት ደውላችሁ ማን ተረኛ እንደሆነ ጠይቁ። ሐዋሳ በዚህ ዕድለኛ ናት፤ በዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ስላለ በከተማው የእንስሳት ሐኪም ማግኘት ከብዙ ቦታ ይቀላል። የሆድ መነፋት፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት፣ የድድ መንጣት፣ ሽንት መከልከል ሐኪም ጋር ለመሄድ እስከ ነገ የማያስጠብቁ ምልክቶች ናቸው።

የቤት ዶሮዎች አሉን። ለበዓል የገዛነውን አውራ ዶሮ ከእነሱ ጋር ብናስቀምጠው?

ለይታችሁ አስቀምጡት፣ በሌላ ዕቃም አጠጡት። የበዓል ገበያ ከየወረዳው የመጡ ዶሮዎች የሚቀላቀሉበት ስለሆነ ፈንግል ከዚያ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ከገባም የቤቱን ዶሮ ሁሉ በጥቂት ቀናት ይጨርሳል። ከታረደ በኋላ ላባውንና ሆድቃውን ዶሮዎቻችሁ በማይደርሱበት ቅበሩ።